የት ልደር፦ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

የአዲስ አበባ ሰው ሦስት አራት ቀን ዕረፍት ሲያገኝ እግሩ የለመደው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ነው። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያስብ ጥቂት ነው። ስማቸውን የማያውቅ የለም፤ ግን ለብዙው ሰው ወደ ላሊበላ፣ ወደ ግሸን ወይም ወደ መቐለ ሲኬድ ምሳ የሚበላባቸው፣ መሽቶ ከሆነም የሚታደርባቸው ከተሞች ናቸው። ጎማ ይፈተሻል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ይህ ጽሑፍ እዚያው ለመቆየት አስቦ ለሚነሣ ሰው ነው።

የዕቅዱ የመጀመሪያ ሥራ ሆቴል መያዝ ሳይሆን ስልክ መደወል ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን አንድ ሰሞን የሚያስኬድ፣ ሌላ ሰሞን የማያስኬድ አድርጎታል። ስለዚህ እዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ይጠየቃል። አጠያየቁ ግን ብልሃት ይፈልጋል። ወሎዬ እንግዳ ስለሚወድ "ልምጣ ወይ?" ቢሉት "ኧረ ኑ፣ ምን ገዷችሁ" ማለቱ አይቀርም። የሚጠቅመው ጥያቄ "ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አለ? ስንት ሰዓት ገባ?" የሚለው ነው።

መልሱ ደህና ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው። በየብስ ለሚሄድ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀን ሙሉ ይወስዳል ብሎ ማሰብ ይበጃል። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ የሚያስናፍቀው ብርድ ጣርማበር ዋሻን አልፎ ቁልቁል ደብረ ሲና ሲወረድ ይለቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ መስኮት ይከፈታል፣ አጣዬና ከሚሴ ላይ ሹራብ ይወልቃል። በአውሮፕላን ለሚሄድ የሚታረፈው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ዓለም አቀፉ የማረፊያው መለያ ግን "ዲ ኤስ ኢ" ነው፣ የደሴ ስም ማለት ነው። የኮምቦልቻ ልጆች ይህን ሲያነሡ ይስቃሉ፣ ስቃቸው ውስጥ ግን ትንሽ ቅሬታ አለ።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ የት ልደር? ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ፣ ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ስለዚህ የትም ቢታደር ለውጥ ያለው አይመስልም። አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,900 እንኳ አትሞላም። ደሴ ላይ ብርድ ልብስ ይደረባል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይገፈፋል። ከአየሩ በላይ ደግሞ ሁለቱ ከተሞች ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ይለያያል።

ኮምቦልቻን እዚያ ያስቀመጣት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው አውራ ጎዳና እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ባቲ ወርዶ በሚሌ በኩል ወደ ባሕሩ ይሄዳል። የአሰብ ወደብ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ሳቢያ ለኢትዮጵያ እስኪዘጋ ድረስ የአሰብ ሾፌሮች ሌሊት የሚያርፉባት ከተማ ነበረች፤ ዛሬም የጭነት መኪና ድምፅ የማይሰማበት ሰዓት ጥቂት ነው። ደረቅ ወደብ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም ይህን መገንጠያ አይተው የመጡ ናቸው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ እንዲሄድ የታሰበው የባቡር ሐዲድ ግንባታም በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር፤ በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ጎዳው። ከተማዋ ለጎብኚ የተዘጋጀ ነገር የላትም። ደስታዋ ማታ ነው፤ ሜዳማ ስለሆነች በእግር መዞር አይደክምም፣ የፈረቃ ሠራተኛ ሲወጣ መንገዱ ይሞላል፣ ሥጋ ቤቶቹ ደጅ ላይ ወንበር ያወጣሉ፣ ነፋሱ ለብ ያለ ነው።

ፋብሪካው የራሱ ዕዳ አለው። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት የከተማዋ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባባቸው ተመራማሪዎች ደጋግመው አጥንተዋቸዋል። ሁለቱም የሚደርሱት ወደ ቦርከና ነው። ያ ቦርከና ደግሞ ከላይ ከደሴ በኩል የሚወርደው ነው፤ የላይኛዋን ከተማ ቆሻሻ ይዞ መጥቶ የታችኛዋን ይጨምራል። ሁለቱ ከተሞች በዚህ ጉዳይ እኩል ባለዕዳ ናቸው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው ሐረጎ የሚባለው ዳገት ለእኔ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። ማንም የማይዘረዝረው መንገድ ስለሆነ እንጂ አንድ ተራራ ጫፍ ላይ ካፌ ቢሠሩበት ሰው ለእሱ ብቻ ይመጣ ነበር። መኪናው በጠመዝማዛው ሲወጣ የኮምቦልቻ ሜዳ እየሰፋ፣ ጣሪያው እያነሰ ይሄዳል፤ ዛፉ ይለወጣል፣ ጆሮ ይደፈናል። በክረምት ግን ከመሃል ጀምሮ ጉም ይውጠዋል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ጥሩንባ እየነፋ ነው የሚወጣው። ቢቻል ሲወጡ በቀን፣ ከፊት ወንበር ይሁን። ለሾፌሩ "ቀስ በልልኝ፣ ወንድሜ፣ ልይበት" ቢሉት አይከፋውም፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ግን ሊከፋቸው ይችላል።

ደሴ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚገርመው ቦታው ነው። ጦሳ ተራራ በአንድ ወገን፣ አዝዋ ገደል በሌላው ወገን ቆመው ከተማዋን መሃል አጥብበው ይዘዋታል፤ ስለዚህ ከሮቢት እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ረዘም ብላ ተኝታለች። መሬቱ የሚንሸራተት ነው፣ ሜዳም የለውም። ነጋዴ ቢመርጥ ኖሮ ኮምቦልቻን ነበር የሚመርጠው። ደሴን የመረጣት ገዢ ነው። ራስ ሚካኤል፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው የነገሡት የልጅ ኢያሱ አባት፣ የወሎ መዲና አደረጓት፤ ከዙሪያዋ ያለው ተራራ ለጠላት የማይመች በመሆኑ ለቤተ መንግሥት ጥሩ ነበር። እሳቸው ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ አሁንም ቆሟል። ሕዝብ ግብር ይበላበት የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ውስጡ ገብቶ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ብቻውን ያዋጣል።

ተራራው ግን አውሮፕላን አያስቆምም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያኔ የጦር ሠፈራቸውን ከተማዋ ላይ አድርገው ነበር፤ መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረው ከዚህ ነው። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ከ86 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ሁለቱም ከተሞች በመንግሥት እጅ ተመልሰው መግባታቸው የተነገረው ኅዳር 27 ነው። የቀኖቹን መቀራረብ እንደ ምልክት የሚያይ ሰው እዚያ አይጠፋም። እኔ አላይም፤ ቀን ቀን ነው። የሚታየው ነገር የተዘረፈው ነው። የደሴ ሙዚየም፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ያለው፣ በዚያ ጊዜ ተዘርፏል። ሆስፒታሉም እንዲሁ። ሙዚየሙ ለመጎብኘት ክፍት መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከገቡ ባዶውን ቦታም ይዩ፣ እሱም የታሪኩ ክፍል ሆኗል።

ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትን አጥሩን አልፎ መሄድ የፖለቲካ ታሪክ ወዳጅን ይቆጨዋል። ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ግን ዘውዱን ያናወጡ ተማሪዎችን አፍርቷል፤ ከነዚህ አንዱ ዋለልኝ መኮንን ነው። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ቡን ለመጠጣት ሸዋ በር ወደሚባለው ሠፈር ይሂዱ። ስለ ወሎ የሚጻፍ ሁሉ ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋደው ይኖራሉ ብሎ ይጀምራል፤ እውነት ነው፤ አባቱ መሐመድ፣ ልጁ ገብረ ማርያም የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ ሠርግና ለቅሶ ላይ ሁለት ዓይነት ሥጋ ይታረዳል፤ የወዳጃ ዱዓ ላይ ክርስቲያን ጎረቤት ይቀመጣል። ነገር ግን ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ የሚባል ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ ተደርጎበት የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ የታዘዘው እዚያ ነው። ኋላ ደሴን መዲና ያደረጓት ኢማም መሐመድ አሊም ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። ያ ሁሉ ቅይጥ ስም ከፍቅር ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከግዴታም የመጣ አለው። ሕዝቡ ግን ከግዴታው በኋላ የራሱን ኑሮ ሠራበት። ይህን ሳያውቁ ሸዋ በር ላይ ቡን መጠጣት ይቻላል፤ አውቆ መጠጣት ግን የተለየ ነው። አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ አይወደድም። "በረካውን ሳትጠጡማ!" ይባላል፤ ባለቤቷ እናት ከሆኑ ደግሞ "እማማ፣ ይበቃኛል" ማለት አያስመልጥም። ሰዓት ይያዝለት።

ሁለተኛውን ቀን ሐይቅ ይወስደዋል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቦሩ ሜዳም መንገድ ላይ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ አስተምረዋል፤ ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ከኢትዮጵያ ዘመናቸው ከታወቁ ጥንታዊ ብራናዎች ይቆጠራል። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም፤ ከባልና ሚስት አንዱ ውኃው ዳር ቆይቶ የሚጠብቅበት ጉዞ እንደሚሆን ቀድሞ መነጋገር ጥል ያስቀራል። ከተማው ላይ ግን አብረው የተጠበሰ ቆሮሶ ይበላሉ።

የወሩ ምርጫም አለ። መስከረም መጨረሻ ላይ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ነው፣ ጉሙም ይቀንሳል፤ ግን መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ ምዕመኑ በደሴ በኩል ነው የሚያልፈው፤ በዚያ ሳምንት አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ።

የቀኑ ምርጫ ግን የበለጠ ያጣላል፤ ሰኞ ነውና። ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከገበያው ቀን ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለው ባቲም የሚቆመው ሰኞ ነው። አፋር፣ ኦሮሞና አማራ የሚገናኙበት፣ ግመል የሚሸጥበት፣ አሮጌው የስቅላት እንጨት ዛሬም የሚታይበት ገበያ ነው። ባቲና አምባሰል ሁለቱም የአማርኛ ዘፈን ቅኝቶች ስም ናቸው፤ አምባሰልን ወደ ሐይቅ ሲሄዱ ያዩታል፣ ባቲን ሳያዩ መመለስ ጎደሎ ነው። ስለዚህ እኔ ባቲን እመርጣለሁ፤ የደሴው ገበያ ሌላም ቀን ሱቅ አያጣም።

ባቲ ከተመረጠ የአዳሩም ጥያቄ ይፈታል። ዓርብ ገብቶ፣ ዓርብና ቅዳሜን ደሴ ላይ በብርድ ልብስ፤ እሑድ ማታ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ያለ ብርድ ልብስ። ሰኞ ጠዋት ባቲ፣ ማክሰኞ አውሮፕላን። ማረፊያው እዚያው ስለሆነ ጉም ሐረጎን ቢዘጋውም ደንታ የለም።