በጨንቻ ደጋ፤ ከዱቡሻው ሣር እስከ ምርጫው ሣጥን

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ ካፖርቱን ከዕቃው ሁሉ በላይ ቢያኖር ይበጀዋል። በታች ሳለ ሙቀቱ ያልበዋል፤ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከ2,700 ሜትር በላይ በደረሰ ጊዜ ግን ጉሙ ይቀበለዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ዐባያና ጫሞ ሐይቆች ከኋላ ተንጣለው ይታያሉ። በመካከላቸው ያለውን ጠባብ ኮረብታ የአገሩ ሰው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ዐይን የሚያርፈው በእንሰትና በቀርከሃ ላይ ነው። ዶርዜ ሲደረስ የዝሆን ግንባር የመሰለው ረዥም የቀርከሃ ቤት ብቅ ይላል፤ በደጁም ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ መወርወሪያውን ያመላልሳል።

ጨንቻ ዛሬ በፖም ፍሬዋ የምትታወቅ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ነገር ግን ከአርባ ምንጭ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለ ነበረች፣ የመንግሥት ትእዛዝ ከዚህ ተነሥቶ እስከ ቆላው ይወርድ ነበር። እኔን ያመጣኝ ግን ከዚያም በዕድሜ የሚበልጠው አስተዳደር ነው። ጋሞዎች ደሬ በሚሉት በእያንዳንዱ አገር ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሜዳ አለ።

በአንዱ ዱቡሻ ዳር ያገኘኋቸው ሽማግሌ ከአጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ሜዳው ሣር ብቻ ነው፤ ጣራም አጥርም የለውም። ስብሰባው በሽማግሌዎች ምርቃት ይከፈታል። የሚናገረው ሰው ተነሥቶ ወደ መካከል ይወጣል፤ የቀረው ያዳምጣል። ድምፅ አይቆጠርም። ነገሩ ሁሉም እስኪስማማበት ድረስ ይብላላል፤ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ሌላ ቀን ይቀጠራል።

ደሬው ካዎ የሚባል ማዕርጉ በዘር የሚወርድ ሹም አለው። ሐላቃ የሚባለው ግን የሚመረጠው በሸንጎ ነው። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ «አለቃ» ስለሚመስል፣ «አባቴ፣ ሐላቃ የሆነ ሰው ብዙ ያዝዛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሽማግሌው ሳቁብኝ። «ማዘዙን ተወው ልጄ፤ እርሱ ይደግሳል፣ ይላላካል። ከብቱንም ቅቤውንም ለአገር አብልቶ ነው ክብር የሚያገኘው። እምቢ ብሎ የሚለመንም አለ» አሉኝ። ሹመት ኪስ የሚያራግፍበት አገር መኖሩን ሰምቼ እኔም ሳቅሁ።

ወደዚህ ያመጣኝን ነገር አሁን ልንገራችሁ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ የእንግሊዝን የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ታሪክ አስተምር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የብዙ ከተሞች ግብር ከፋዮች የምክር ቤቱን አባሎች መምረጥ ጀመሩ። ዳሩ ግን እስከ 1872 ዓ.ም. ማን ማንን እንደ መረጠ በግልጽ ይታወቅ ስለ ነበር፣ ድሀው ባለ ርስቱንና አሠሪውን እየፈራ ይመርጥ ነበር። በዚያ ዓመት ምስጢራዊው ወረቀት ታወጀ። ሴቶች የከተማ ምክር ቤት አባል ለመሆን የተፈቀደላቸው ደግሞ በ1907 ዓ.ም. ነው።

ይህ ለእኔ የሩቅ አገር ወሬ ነበር። አንድ ቀን ግን የክፍል አለቃ እንድንመርጥ ሆነና ከሦስቱ ዕጩዎች አንዱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሆኖ ተገኘ። እኔም ሳላስብ፣ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አልኋቸው። ለእርሱ የወጡት ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «መምህር፣ በወረቀት ይሁንልን» አለችኝ። ወረቀቱ ሲቆጠር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእርሱን ስም ይዞ ወጣ። እጃቸውን ያላወጡት እነዚያው ልጆች ስሙን ጽፈውታል። ልጁ ግን ስላላመነ፣ «እንደ ገና ይቆጠር» አለ። እንደ ገና ቆጠርነው። ያፈርሁት በራሴ ነው፤ እጅ አውጡ ያልኋቸው እኔ ነኝና።

ስለዚህ ሽማግሌውን፣ «ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዚህ ሜዳ የት ይቀመጡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በበትራቸው ወደ ዳር አመለከቱኝ። ጋሞ ውስጥ ማላ ከሚባለው ወገን ያልሆኑት፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭናሻና ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላ፣ በሸንጎ ተነሥተው አይናገሩም ነበር። ሴቶችም እንዲሁ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አንዲት የዶርዜ ሴት ባላባት ለመሆን ብትበቃም፣ ይህ እንደ ብርቅ የሚነገር ነገር ነበር። «ዛሬስ?» አልኋቸው። «ዛሬ ሕጉ ሁሉም እኩል ነው ይላል፤ ጎረቤት ግን ገና ሕጉን አልለመደውም» አሉኝ።

ታዲያ ሣጥኑ ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። በአገራችን በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተደርጓል። በ2005ቱ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንካፈልም ስላሉ፣ ገዢው ፓርቲ መቀመጫዎቹን ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወሰደ። በ2010 ሊደረግ የነበረውም ተላለፈ። መራጩ የፈለገውን በምስጢር እንዲጽፍ ቢፈቀድለት እንኳ፣ የሚያማርጠው ሁለተኛ ስም ከሌለ ምስጢሩ ምን ይጠቅመዋል?

ዱቡሻም የራሱ ታላቅ ነገር አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከመንገዱ ላይ ተንበረከኩላቸው። ወጣቱም ሣሩን አልተሻገረም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያደርገው ወረቀት አይደለም፤ ተቀምጦ መደማመጥን ከልጅነቱ ያየ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ያስፈልጉናል ባይ ነኝ። ከዱቡሻው መደማመጥን፣ ከሣጥኑ ደግሞ ፍርሃት የሌለበትን ድምፅ ብንወስድ፣ በዳር የተቀመጠውም ወደ መካከል ወጥቶ ይናገራል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሽማግሌውን ተሰናብቼ ወደ ቆላው ወረድሁ። በማግስቱ ክፍል ስገባ የሸክላ ሠሪው ልጅ የስም መጥሪያውን ይዞ ከፊት ቆሞ ነበር። ስም ጠራ፤ ሁሉም «አቤት» አሉት።