የግዙፎቹ የጋራዥ ሒሳብ

ግዙፍ ነገር መሳል ቀላል ይመስላል፤ ትልቅ አድርጎ መሳል ነዋ! ጣጣው የሚመጣው ሁለት ግዙፎች አንድ ስክሪን ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው። ሁለቱም እኩል ይሆናሉ፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ግዙፍ የሚባል የለም። ወደ ጎን መሄድና ወደ ላይ መዝለል እንጂ ወደ ውስጥ መግባት በሌለበት በባለሁለት አውታር የድብድብ ጌም፣ የሰፈር ጎረምሳም ፎቅ የሚያክል ሮቦትም የሚይዙት ቦታ ያው ነው። ቡጢው ቡጢ፣ ካልቾውም ካልቾ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ለኮምፒውተር የወጣው «ዋን ማስት ፎል 2097» ከዚህ ጣጣ የወጣበት ብልሃት ደስ ይለኛል። የሠራው ዳይቨርሽንስ ኢንተርቴይንመንት ነው፤ ያሳተመው ያኔ ኤፒክ ሜጋጌምስ ይባል የነበረው፣ ኋላ በ«ፎርትናይት» ዓለም ያወቀው ድርጅት ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ2097 ሲሆን፣ ሰዎች አእምሯቸውን ከግዙፍ ሮቦቶች ጋር አገናኝተው ይፋለማሉ። የፍልሚያው ሽልማት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በጁፒተር ጨረቃ በጋኒሜድ ላይ የሚቋቋመውን የሰው ልጆች ሰፈራ በበላይነት መምራት!

እንግዲህ ያ ሁሉ ብረት የሚላተመው ለሹመት ነው። ቃለ መጠይቅ የለ፣ የትምህርት ማስረጃ የለ፣ «ልምድዎ ስንት ዓመት ነው?» ብሎ የሚያፋጥጥ የለ። ዘመድ ያለውም የሌለውም ሮቦቱን ይዞ ሜዳ ይወርዳል። ጋኒሜድ ከፀሐይ ሥርዓተ ዓለም ጨረቃዎች ሁሉ ትልቋ ናት፤ እሷን የሚያህል ግዛት በካልቾ የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ስናይ ብንስቅም፣ ሥልጣን ከዚህ ባልተሻለ መንገድ ሲያዝ አይተን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም።

ሮቦቶቹ አሥራ አንድ ናቸው። «ሻዶው» የራሱን ጥላ ከላዩ ላይ ነቅሎ ይልክና ጥላው ሄዶ ይመታለታል። «ሽሬደር» እጆቹን ከክንዱ ለይቶ ይወረውራል። «ጋርጎይል» ክንፍ አለው። መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው «ኖቫ» የዋናው ባላጋራ የሜጀር ክራይሳክ ነው። ለተጫዋቹ ከቀረቡት አሥር አብራሪዎች ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ የጉልበት፣ የቅልጥፍናና የጽናት ልክ አለው። ብረቱ ያው ሆኖ ሰውየው ሲለወጥ ድብድቡ ይለወጣል። ፈጣን ሮቦት ላይ ቀርፋፋ ሰው ስታስቀምጥ ብረቱም አብሮ ያንቀላፋል።

ስለ ግዙፍነት የመጀመሪያውን ምስክርነት የሚሰጠው በረሃው ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ሁለቱ ሲደባደቡ የጦር ጄት ከጎን ይመጣና ተኩሶ ያልፋል። ጄቱ ሲበዛ ትንሽ ነው። ዓይናችን ጄት ምን እንደሚያክል ስለሚያውቅ፣ እስካሁን ሁለት ሰዎች ይመስሉን የነበሩት ተፋላሚዎች በአንድ አፍታ ወደ ላይ ያድጋሉ። አንድም መስመር አልተጨመረባቸውም፤ አጠገባቸው ትንሽ ነገር ስላለፈ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ግን ይበልጥብኛል፤ እሱም ሒሳቡ ነው። ውድድር ውስጥ የገባ ተጫዋች ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ ፕላግ ከተባለው መካኒክ ጋር ይገናኛል። ፕላግ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፤ ተሸንፈህ ስትመጣ አያጽናናህም። የሽልማቱ ገንዘብ ይቆጠራል፣ የጥገናው ወጪ ይቀነሳል፣ የተረፈው ይነገርሃል። በተረፈው የክንድ ኃይል ትገዛለህ፣ የእግር ፍጥነት ትጨምራለህ፣ ጥሩሩን ታጠነክራለህ፤ ወይም ለራስህ ለአብራሪው ሥልጠና ትከፍላለህ። ብዙ ተደብድቦ በጭንቅ ያሸነፈ ሰው ትርፉ ይሳሳል። በሚኒባስ የሚተዳደር ሰው ይህን ለመረዳት ጌም አያስፈልገውም፤ ቀኑን ሙሉ የሠራውን ማታ ጋራዥ እንደሚበላው ያውቃል። ከዚህ ወዲያ ተጫዋቹ አመታቱን ይቆጥባል፤ እያንዳንዱ ቡጢ ዋጋ እንዳለው ገብቶታልና መከላከልን ይማራል። የብረቱ ክብደት ኪሱ ውስጥ ይሰማዋል።

በዚያው በ1994 «ራይዝ ኦቭ ዘ ሮቦትስ» የተባለ ሌላ የሮቦቶች ድብድብ ከብዙ ማስታወቂያ ጋር ወጥቶ ነበር። ምስሉ የሚያብረቀርቅ፣ የኩዊን ባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ስም የታከለበት ነው። ሲከፈት ግን ብቻውን የሚጫወት ሰው ከአንዱ ሳይቦርግ ሌላ መምረጥ አይችልም፤ የሚማረው ዘዴም ጥቂት ነው። ተቺዎች አልራሩለትም። ብረቱ ከ«ዋን ማስት ፎል» ይልቅ ብረት ይመስላል፤ ሲመታ ግን የሚጎዳበት፣ ሲያሸንፍም የሚያተርፍበት ሰው አታገኝም። ስለዚህ ትልቅ አሻንጉሊት ሆኖ ቀረ።

«ዋን ማስት ፎል» እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነጻ ተለቋል፤ የፈለገ አውርዶ ይጫወተዋል። የሮቦት ጌም የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ የትኛው ሮቦት ይበልጣል ብለው መከራከራቸው አይቀርም፤ ስለ ቁመት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ሚሳይል ብዛት ይባላል። ለእኔ ክርክሩን የሚቋጨው የጥገናውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከፋይ የሌለው ሮቦት የፈለገውን ያህል ቢረዝም ሥዕል ነው፤ ከፋይ ያለው ግን ሲወድቅ ባለቤቱን ይዞ ይወድቃል፤ ያኔ ምን ያህል ግዙፍ እንደነበረ ባለቤቱ ይነግርሃል።