ከእናት ጋር በፖቶማክ ዳር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ባለትዳሮች ሆናችሁ፣ እናታችሁ ወይም አማታችሁ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ ካሉ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። በሌላ ከተማ የምትኖሩም አንብቡት። ወንዙና ዛፉ ቢለያይም ጉዳዩ አንድ ነው።

እናቶቻችን ወደዚህ አገር የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ልጅ ሲወለድ ነው። ገንፎ ያገነፋሉ፣ አራሷን ይንከባከባሉ፣ ሕፃኑን ያዝላሉ። የወሊድ ፈቃድ አልቆ ባልና ሚስት ሥራ ሲገቡ ግን እናት ከሕፃኑ ጋር በአራት ግድግዳ መካከል ይቀራሉ። ቋንቋውን አያውቁም፣ መኪና አይነዱም፣ በኪሳቸው ገንዘብ የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤት፣ ቅዳሜ ልብስ አጠባ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እያለ ስድስት ወሩ ያልቃል። አገራቸው ገብተው ጎረቤት «አሜሪካ እንዴት ነው?» ሲላቸው፣ የሚነግሩት በመኪና መስኮት ያዩትን ብቻ ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ልጆች እናታቸውን ስለማይወዱ አይደለም። የቤት ኪራይ አለ፣ ሁለት ሥራ አለ፣ ድካም አለ። ሆኖም ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 6፥2 ላይ እናትና አባትን ማክበር ተስፋ የተያያዘበት ትእዛዝ መሆኑን ያሳስበናል። ለሥራ የሚበዛበት ሰው ከዚህ ትእዛዝ ነፃ ነው የሚል ቃል በዚያ የለም። ስለዚህ አንዲት ቅዳሜ ብቻ እለምናችኋለሁ። በዚያች ቀን እናታችሁን ወደ ሁለት ቦታ ውሰዷቸው። አንደኛው በእግር የሚሄዱበት ወንዝ ዳር ነው፤ ሁለተኛው ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ።

በቅሎ የሄደበት መንገድ

ፈረንጆች «ፎል» የሚሉት የቅጠል መርገፊያ ወቅት በእኛ አካባቢ የሚያምረው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት መሆኑ ነው። በአገር ቤት ዝናቡ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ እህሉ የሚያሽትበት ጊዜ ስለሆነ እናቶች ወሩን ራሱ ይወዱታል። ጥቅምት ሲገባ አጥንት እንደሚያምራቸውም ሳታስታውሷቸው ይነግሯችኋል።

ለአረጋዊ እግር የሚመች ቦታ ከፈለጋችሁ በሜሪላንድ በኩል ያለውን ግሬት ፎልስን እመክራለሁ። በዚያ ከፖቶማክ ወንዝ ጎን ለጎን አንድ አሮጌ ቦይ አለ። የቦዩ ቁፋሮ የተጀመረው ጁላይ 4 ቀን 1828 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን አፈር የዛቁት ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነበሩ። ሥራው ያለቀው በ1850 ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አብዛኛውን የቆፈሩት ከአየርላንድና ከሌሎች አገሮች የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ በ1832 የኮሌራ ወረርሽኝ ብዙዎቹን ጨርሷል። በቦዩ ላይ ድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ይመላለሱ ነበር። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት ደግሞ በዳር የሚሄዱ በቅሎዎች ነበሩ። ቤተሰቡ በጀልባው ላይ ይኖራል፣ ልጆች በቅሎ ይነዳሉ። ሥራው በ1924 ቆመ። በኋላም ቦታውን ለመኪና መንገድ ለማዋል በታሰበ ጊዜ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 የቦዩን ርዝመት በእግራቸው ተጉዘው ሕዝቡ እንዲያየው አደረጉ። በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

እንግዲህ ያ የበቅሎ መንገድ ዛሬ ለእናታችሁ የተዘጋጀ ይመስላል። ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም፣ ጉልበት አያስቸግርም። ከጎብኚዎች ማረፊያው ትንሽ ወደ ታች ሲኬድ ደግሞ በድልድይ ተሻግራችሁ ፏፏቴው ፊት ለፊት ትደርሳላችሁ። ወንዙ እዚህ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ውስጥ 23 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጢስ ዓባይን ያየች እናት ላትደነቅ ትችላለች፤ ቢሆንም ቆማ ታየዋለች። የእኔ እናት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ይህን ሁሉ ውሃ ማን ይጠቀምበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። የከተማችን የመጠጥ ውሃ ከዚሁ ወንዝ እንደሚቀዳ ስነግራት «ታዲያ በየቀኑ ስጠጣው የኖርኩት ይሄ ነዋ!» አለች።

ቅጠሉ ታሞ ነው?

ከአገር ቤት የመጣች እናት ቢጫና ቀይ የሆነ ጫካ ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው ዛፉ ምን ነክቶት እንደሆነ ነው። ባሕር ዛፉም ጥዱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ስላየች ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን አዘጋጅታችሁ ሂዱ።

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ለዛፉ ምግብ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ቀኑ እያጠረ ሌሊቱ እየረዘመ ሲሄድ ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ያቆማል፤ በቅጠሉ ያለውን ጠቃሚ ነገር ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይመልሳል። አረንጓዴው ሲጠፋ ቢጫው ብቅ ይላል። ቢጫው ግን በጥቅምት የመጣ አይደለም። በበጋው ወራት ሁሉ በቅጠሉ ውስጥ ነበር፣ አረንጓዴው ስለበዛበት ነው ያልታየው። የሜፕል ዛፍ ቀዩ ቀለም ደግሞ አብዛኛው በዚሁ ወቅት በቅጠሉ ውስጥ ከቀረ ስኳር የሚሠራ ነው። ፈጣሪያችን በእርጅና ወራት የሚገለጥና በእርጅና ወራት የሚጨመር ውበት አዘጋጅቷል ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ እናቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ቤት ውስጥ ሳሉ የሚታየን ሥራቸው ነው፤ ሕፃኑ፣ ወጡ፣ የታጠበው ልብስ። ከሥራው ለጥቂት ሰዓት ሲያርፉ ስር የነበረው ይታያል። እናቴ በዚህ ቦይ ጀልባ የሚጎትተው በቅሎ እንደነበረ ስነግራት ቆም አለችና ስለ አባቷ በቅሎ ማውራት ጀመረች። ፊደል የቆጠረችው በሚሲዮን ትምህርት ቤት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ወንጌልን የሰማችውም እዚያ ነው። ወንዝ በሞላ ቀን በበቅሎ ጭነው ውሃውን የሚያሻግሯት አባቷ ራሳቸው ወንጌሉን ያልተቀበሉ ሰው እንደነበሩ ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። «እኔ አልገባበትም፣ አንቺ ግን አንብቢ» ይሏት ነበር። የቤተሰባችን እምነት በአንድ ባላመኑ አባት በቅሎ ተሻግሮ እንደመጣ በጉዞው ላይ አወቅኩ። ሶፋ ላይ ተቀምጠን ቢሆን ይህ ወሬ የሚነሣ አይመስለኝም። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች የማይቸኩል ወሬ ያወራሉ።

ሰላሳ ዶላርና ሁለት ሻንጣ

ከሰዓት በኋላ ወደ ጉድዊል ወይም ወደ ሳልቬሽን አርሚ ሱቅ ውሰዷቸው። አንዳንድ እናት «ሰልባጅ?» ብላ ፊቷን ታጠቁራለች። ታሪኩን ንገሯት። በ1902 ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በቦስተን ከተማ በድሆችና በስደተኞች መካከል ያገለግል ነበር። ከባለጸጎች ቤት ያገለገለ ልብስና ዕቃ በጆንያ እየሰበሰበ፣ ሥራ ያጡ ሰዎች እንዲጠግኑትና ደመወዝ እንዲያገኙበት አደረገ። የተጠገነውን ዕቃ ድሆች በአቅማቸው ይገዙት ጀመር። ጉድዊል እንዲህ ተወለደ። ሳልቬሽን አርሚን በ1865 በለንደን የመሠረቱት ደግሞ ባልና ሚስቱ ዊልያምና ካትሪን ቡዝ ናቸው። ከሱቆቻቸው የሚገኘው ገቢ ዛሬም በሱስ የተያዙ ሰዎች የሚታደሱባቸውን ማዕከላት ይደግፋል።

ሄልምስ ዕቃውን በነፃ ማደል ይችል ነበር። ድሃው ግን ሠርቶ እንዲያገኝ፣ መርጦና ከፍሎ እንዲገዛ ፈለገ። ይህ አሳብ ከመጽሐፍ ቅዱስ የራቀ አይደለም። በዘሌዋውያን 19፥9-10 እግዚአብሔር ባለ እርሻውን የማሳህን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ ተው ይለዋል። ድሃው ቃርሚያውን በገዛ እጁ ይለቅማል። በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ሩት ገብሱን ለቅማ፣ ወቅታ፣ ተሸክማ ለአማቷ ለኑኃሚን ያገባችው በዚህ ሕግ ነው። ባዶ እጄን ተመለስኩ ብላ ያዘነች አሮጊት በቤቷ እህል ገባላት።

እኛ ጋ ያለች እናትም ከሁሉ በላይ የሚከብዳት ባዶ እጅ ነው። በሰፈሯ ለታመመ የምትጠይቅ፣ ለአራስ የምትይዝ፣ በቤተ ክርስቲያን ከእህቶች ጋር መዋጮ የምታዋጣ ሴት ነበረች። እዚህ ግን ተቀባይ ሆነች። ስለዚህ እናንተ መርጣችሁ አትግዙላት። ሰላሳ ዶላር በእጇ ስጧትና ጋሪውን ትግፋ።

እናቴ ያን ቀን ሰላሳ ዶላሯን ይዛ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየች። ቤቷን ለምትጠብቅላት ጎረቤት ሹራብ፣ ለጎረቤቷ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ለምታስታምማት አሮጊት ለስላሳ ጫማ፣ ለአንድ ሽማግሌ የጸሎት ባልደረባዋ ኮፍያ መረጠች። ሹራቡን ወደ ብርሃን አንሥታ ስፌቱን አየች፣ ቀዳዳ አግኝታ መለሰችው፣ ሌላ ፈለገች። ሂሳብ መክፈያው ጋ ስንደርስ ካርዴን ላወጣ ስል እጄን ገፋ አድርጋ ራሷ ከፈለች። መልሱን ቆጥራ በመሐረቧ ቋጠረችና «ከመጣሁ ገንዘብ በእጄ ስቆጥር ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። በቅሬታ አልነበረም። ደስ ብሏት ነው።

ለሚሄዱ ሁሉ

ለመንገዱ ሙቅ ልብስ ደርቡላቸው፤ ጠዋት ይበርዳል። ሻይ በፔርሙስና ቆሎ ያዙ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለ እንዳይረሳ። ግሬት ፎልስ መኪና ይዞ ለሚገባ ያስከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜም መንገድ ለጥገና ስለሚዘጋ ከመነሣታችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ ተመልከቱ። ከድልድዩና ከመንገዱ ወጥታችሁ ወደ ዓለቱ አትውረዱ። ወንዙ ረጋ ያለ በሚመስልበት ስፍራ እንኳ ሰው ወስዷል።

በሱቁ ዚፑን፣ ብብቱንና የጫማውን ሶል እዩ። በብዙ ሱቆች በየሳምንቱ አንድ የወረቀት ቀለም ተመርጦ ያ ቀለም የተለጠፈበት ዕቃ በቅናሽ ይሸጣል፤ ጠይቁ። የገዛችሁትን ሁሉ አጥባችሁ ሻንጣ ውስጥ አስገቡ። ለአገር ቤት ማሞቂያም ሆነ መፍጫ አትግዙ፤ የዚህ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ስለሆነ ይቃጠላል። አየር መንገዱ የሚፈቅደውን ኪሎ አስቀድማችሁ ጠይቁና ሻንጣውን ቤት መዝኑ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እናት ስጦታዋን እያወጣች ስትጥል ማየት ያሳዝናል።

ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ እናቷን ይዛ ስትወጣ ሕፃኑን እናንተ ያዙ። ሚስቶችም፣ ከአማታችሁ ጋር የሚሄድ ሰው ሲጠፋ እናንተ ሂዱ፤ ሩትም ምራት ነበረች። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ፈረቃችሁን ዛሬውኑ አስተካክሉ። ዛፉ ቅጠሉን የሚያራግፈው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው፤ የእናታችሁም የመመለሻ ቀን በቲኬቱ ላይ ተጽፏል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።