ስለ ዝሆኔ ሕመምና በዕጣ ስለ ተደረገው ምርመራ

እኔ በወረኢሉ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬም ሌላው የተናገረውን መጻፍ፥ ፊደል ያልቈጠረውንም ሰው አውራ ጣቱን በቀለም አስነክቶ ማስፈረም ነው። ስለ ሕክምና ነገር እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ግን ዓባይን ተሻግራ ጎጃም የተዳረችው አክስቴ ናት። በልጅነቴ ልጠይቃት ስሄድ ያበጠ እግሯን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትቀመጥ ነበር። ሲነሣባትም ትኵሳት ይዟት ትተኛለች። ጎረቤት ይጋባል እያለ ስለሚሸሻት ለቅሶ ቤት እንኳ መድረስ ትታ ነበር፤ ሐኪምም ሳያያት ዐረፈች።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኢትዮጵያ መርምሮ፥ ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ ቀዩን አፈር በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። እግርን ማጠብና ጫማ ማድረግ ምን ያህል እንደሚረዳ ግን በቍጥር የታየው በቅርቡ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 350ዎቹ የእግር አጠባ ትምህርት፥ ቅባት፥ ማሰሪያ፥ ካልሲና ጫማ ወዲያው ሲያገኙ፥ 346ቱ ዓመት ጠብቀው እንዲያገኙ ሆነ። በ2018 በታተመው ውጤት፥ ሕመሙ በፊተኞቹ ላይ በዓመት 19 ጊዜ፥ በኋለኞቹ ላይ 24 ጊዜ ያህል ተነሥቶባቸዋል።

ይህን ጥያቄ የትልቅ ከተማ ሆስፒታል ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ እግሯን ሸፍና ከቤቷ የማትወጣ ሴት ከዚያ አትገኝምና። የሚያውቃት የገጠሩ ጤና ጣቢያ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የቆይታው ነገር ነው። ዕጣ በአገራችን ነውር የለበትም፤ ዕቍብም በዕጣ ነው። ነገር ግን ባለ ዕቍብ የመጨረሻው ዕጣ ሊደርሰው እንደሚችል ዐውቆ ይገባል። አንድ ሽማግሌ በውላቸው ተከሰው በችሎት ቀርበው፥ «አባቴ፥ የፈረሙበትን ያውቁታልን?» ብላቸው፥ «ልጄ፥ ጣቴን ፈለጉ እንጂ ማን አነበበልኝ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ምርመራ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ በመጣ ጊዜ፥ አንባቢ ሆይ፥ ወረቀቱን የሚያነበው ማን ይሆን?

አክስቴ በሕይወት ኖራ የኋለኛው ዕጣ ቢወጣላት፥ አንባቢውም እኔ ብሆን፥ «እታለም፥ ዓመት ትጠብቂያለሽ» የሚለውን ቃል በምን ድምፅ እንደማነብላት እንጃ።