ገጥሟል፥ አልተስማማም

አማርኛ «ገጠመ» የምትለውን ቃል ብዙ ሥራ ያሠራታል። ክዳን ድስቱን ይገጥማል፤ ጦር ከጦር ይገጥማል፤ መከራ ሰውን ይገጥመዋል፤ ገጣሚውም ቃልን ከቃል ጋር ይገጥማል። እኔ ቀን ቀን በምሠራበት ባንክ ቤትም ቃሏ ሥራ አላጣችም፤ ማምሻውን በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሆኖም የዚህችን ቃል ባሕርይ አብልጦ ያሳየኝ መዝገበ ቃላትም የቅኔ መምህርም አይደለም፤ የአንድ አሮጌ የቴሌቪዥን ጌም ገመድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። እንጅባራ ደግሞ ክረምቷ ረጅም፥ ዝናቧ የማይታክት፥ ጉሟ እስከ ደጃፍ የሚመጣ ደጋ ናት። ያን ጊዜ 11 ዓመት የሞላው የእህቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ፥ መንገዱ ስላላስተማመነ እኛው ዘንድ ቀረ። ስልክ በእጁ ነበረው፤ በስልኩ የሚያየው ነገር ግን አልነበረም። ከመሸ በኋላ ከቤት በማይወጣበት ሰሞን ልጅ ጥያቄ ያበዛል፤ ጥያቄውም ለአዋቂ እንኳ መልስ የሚገኝለት አይደለም።

አንድ ቀን ከቁም ሣጥን ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። በውስጡ ታላቅ ወንድሜ በ1990ዎቹ ከመርካቶ ገዝቶ ያመጣው ጌም፥ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ቢጫ ካሴት ነበሩ። ወንድሜን ከቀበርነው ወዲህ ያን ካርቶን የከፈተ ሰው አልነበረም።

ዕቃው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 ለገበያ ያወጣው የ«ፋሚኮም» ቅጂ ነው። ዋናው ዕቃ ባልደረሰባቸው ብዙ አገሮች ልጆች ማሪዮን ያወቁት በእንዲህ ዓይነት ርካሽ ቅጂ ነበር። የእኛም ጤነኛ ይመስላል፤ ቻርጀሩ ግን የለም። ከሥሩ «9 ቮልት» የሚል ጽሑፍና አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች፤ በግማሽ ክብ የተከበበች ነጥብ፥ በግራና በቀኟም የመደመርና የመቀነስ ምልክት።

በቤት ውስጥ ከተቃጠለ ራውተር የተረፈ ቻርጀር ነበረ። ስፒናው ከግድግዳው 220 ቮልት ተቀብሎ በሌላው ጫፍ 9 ቮልት ይሰጣል፤ ጉልበቱም 600 ሚሊ አምፔር ነው ይላል። ቮልቱ እኩል መሆኑ ግድ ነው። አምፔሩ ግን ቢተርፍ አይጎዳም፤ እንደ ተቀማጭ ሂሳብ ነውና፥ ብዙ ስላለው ብቻ ሁሉንም እንዲያወጣ የሚገደድ ደንበኛ የለም። ዕቃው የሚበቃውን ያህል ይስባል። በሆዱ ያለች ባለ ሦስት እግር ተቆጣጣሪ ከ9ኙ ቮልት 5ቱን ለሥራ ታሳልፋለች፤ ትርፉን በሙቀት መልክ ትበትነዋለች። 12 ቮልት ቢሰጧት የምትበትነው ሙቀት ይበረክታል፤ ስለዚህ 9ኙ የተመረጠ ነበር።

ጌሙንም ቻርጀሩንም ይዘን በገበያው አጠገብ ራዲዮና ቴሌቪዥን ወደሚጠግኑ አንድ አባት ሄድን። ልጁ ትዕግሥት አልነበረውምና፥ ስፒናው ከሶኬት ሳይገባ፥ የገመዱን ጫፍ በጌሙ ቀዳዳ ሰካው። ጫፉ ያለ ምንም ትግል ገባ።

«ገጠመ!» ብሎ ጮኸ።

ጠጋኙ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ገጥሟል፥ ልጄ፤ አልተስማማም» አሉት።

ከዚያም ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩን። የራውተሩ ቻርጀር ፖዘቲቩን በውስጠኛው ቀዳዳ፥ ኔጋቲቩን በውጪው ቀለበት ይዟል። ጌሙ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኔጋቲቩን የሚጠብቀው ከውስጥ ነው። ፋሚኮምም፥ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የሴጋ ሜጋ ድራይቭም እንዲሁ ነበሩ፤ ቅጂውም የአባቱን ልማድ ወርሷል። የጫፎቹ ስፋት አንድ ነው፤ መልካቸውም አንድ ነው። ሆኖም መከላከያ በሌለው ዕቃ ኃይል ተገልብጦ ከገባ ጭስ ወጥቶ ያበቃለታል። መለዋወጫ በማይገኝበት፥ መንገድም በተዘጋበት ሰሞን ለእኛ ቤት ሁለተኛ ዕድል አልነበረም።

ቅኔ ወዳድ አንባቢ ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅን ማሰቡ አይቀርም። የገመዱ ጫፍ ኅብረ ቃል ነው፤ ሁለት ተቃራኒ ነገር በአንድ ቦታ ይሸከማል፤ በመካከላቸውም ከጥፍር የማይወፍር ፕላስቲክ አለ። ያ ፕላስቲክ ከተቀደደ ሁለቱም ይጠፋሉ። የውጪው መግጠም ስለ ውስጡ ምንም አይመሰክርም።

ይህን ለእንጅባራ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ተመልካቹ የሚያደንቀው የፈረሱን ጌጥ ነው። ፈረሰኛው ግን ኮርቻውን ከሥሩ ይዳስሳል። ከላይ ያማረ፥ ከሥር ያልተስማማ ኮርቻ ለፈረሱ ገጣባ ነው።

ጠጋኙ ገመዱን ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ወደኋላ ትተው ቆረጡት። የሁለቱን ሽቦዎች ልባስ ገፈው፥ የዚህን ከዚያ፥ የዚያን ከዚህ አስቀያይረው ጠመዘዟቸው፤ በእርሳስ በየዷቸው፤ እንዳይነካኩም እያንዳንዱን ለየብቻ በናስትሮ ጠቀለሉ። ከዚያም ስፒናውን ሰክተው የቴስተሩን ቀይ ዘንግ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ፥ ጥቁሩን ወደ ውጪው ቀለበት አስጠጉ። ቴስተሩ ከ9 ቁጥር በፊት የመቀነስ ምልክት አሳየ። የባንክ ሠራተኛ በመቀነስ ምልክት የሚደሰትበት ቀን ብርቅ ነው።

ያን ሌሊት ይህቺን ጻፍሁ፦

ሰም ከሰም ቢስማማ፥ ወርቁ ካልገጠመ፤
ምን ይጠቅማል ገመድ፥ ቤቱ ከጨለመ።

ቤት የሚመታ፥ ቤት ግን የማያበራ ስንት ስንኝ በየመጽሔቱ አንብበናል! ልኩ የተጠበቀ፥ መድረሻ ፊደሉ የተስማማ፥ ተሰክቶ ግን ከአንባቢው ልብ ብርሃን የማያወጣ። ጠጋኙ ያስተማሩን ብልሃት ከባድ አይደለም፤ ገጠመ ብሎ ከመደሰት በፊት ውስጡ ምን እንደሚጠብቅ መጠየቅ ነው። ለልጅም፥ ለሐዘንተኛም፥ ለአገርም ቃል ስናቀብል ያው ነው።

ከመሄዳችን በፊት ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ። «የባንክ ቤት ሰው ነህ፤ ጽሕፈትህ ያምራል። ሌላ ሰው ራውተር ላይ እንዳይሰካው ጻፍበት» አሉ። «የጌም ብቻ። ውስጡ ኔጋቲቭ።» ብዬ ጻፍሁ፤ በቻርጀሩ ጀርባም ለጠፍነው። አራት ቃል ናት፤ አንባቢዋ ችላ ቢላት ግን ዕቃ ታቃጥላለች።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት አልሄደም። ልጁ ካሴቱን አስገብቶ ማብሪያውን ገፋ፤ ስክሪኑ መጀመሪያ ሸበተ፥ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፤ ያቺ የምናውቃት ዜማ ቤቱን ሞላችው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ብዙ ቆየች።

«ድምፁን ቀንሱት እንጂ!» አለች በመጨረሻ፥ ልክ ለወንድሜ ትለው እንደነበረው።

ልጁ ቀነሰ።