የአሰብ ሰዎችስ?

ጎተራ አካባቢ ካፌ ውስጥ «የባሕር በር» ከተነሳ ክርክሩ ይጦፋል። ስለ አሰብ ወደብ ሁሉም ያወራል፤ ስለ አሰብ ሰው የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

አሰብ በወደቡ፣ በነዳጅ ማጣሪያውና በጨው ምርቱ የምትተዳደር ከተማ ነበረች። አፋሩም፣ ከደጋ ወርዶ ጭነት የሚያራግፈውም እንጀራው እዚያው ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ወደቡ ጭር አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ኑሯቸውን ጥለው ወጡ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ተስፋ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። የቀይ ባሕርን ዳርቻ ማየት የሚመኝ ኢትዮጵያዊ ጎብኚም በዚያ በኩል መንገድ የለውም።

ወደብን ሕይወት የሚሰጠው ጭነት ነው፤ ጭነትን የሚያመጣው ደግሞ ሰላም። አሰብን ባዶ ያስቀራት ጦርነት፣ ዛሬ ቢደገም ማንን ያበላል?