ዳግም አረቄ በፎቅ

ዳግም አረቄ ድካሙን በስሙ ይናገራል። አረቄ አውጪዋ ድፍድፉን ታፈላለች፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ተሻግሮ ውሃ ውስጥ በተነከረው መቀበያ ይጠራቀማል። ይህ ተራው ነው። መልሳ ጥዳ ስታወጣው ዳግም ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ አልኮል በ78.4 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ይፈላልና፣ ከድፍድፉ ይልቅ እንፋሎቱ ብዙ አልኮል ይይዛል። አሥር ጊዜ ብትደግመው እንዴት በጠነከረላት! ግን ማገዶውን ማን ይችለዋል?

መሐንዲሶች ዲስቲሌሽን ኮለም የሚሉት ረጅም ማማ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በውስጡ የተበሳሱ ሰሃኖች እንደ ፎቅ ተደርድረዋል። እሳቱ ያለው ምድር ቤት ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው እንፋሎት ሰሃኑ ላይ ከተኛው ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ከፊሉ ይቀዘቅዛል፤ የለቀቀው ሙቀትም ያንኑ ፈሳሽ ያፈላዋል። እያንዳንዱ ሰሃን አንድ ዳግም መሆኑ ነው፣ ያለ ተጨማሪ እንጨት።

ፈረንሳይ ውስጥ ሴሊዬ-ብሉመንታል እ.ኤ.አ. በ1813 ያለማቋረጥ ለሚሠራ ማማ ፓተንት አወጣ። ዝናውን የወሰደው ግን አየርላንዳዊው ኤኒያስ ኮፊ ነው። ስሙ የፈረንጅ ቡና ቢመስልም ዕድሜውን ያሳለፈው ከአረቄ ጋር ነው፤ ያውም ቀረጥ አስከፋይ ሆኖ። በ1810 ዶኒጎል ውስጥ በድብቅ አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ክፉኛ ደብድበው በሳንጃ ወግተውታል። እሱ ግን ሥራውን ሲለቅ ራሱ አረቄ አውጪ ሆኖ ቁጭ አለ! በ1830 ፓተንት ባወጣበት ባለሁለት ማማ መሣሪያ፣ ቀዝቃዛው ድፍድፍ በተጠማዘዘ ቱቦ ሲያልፍ በሚወጣው እንፋሎት ይሞቃል፤ እንፋሎቱም በዚያው ይቀዘቅዛል። አንድ ሙቀት ሁለት ሥራ ሠራ። የአገሩ ጠማቂዎች ግን ጣዕም የለውም ብለው ናቁት፤ ስኮትላንዳውያን ወስደው ከበሩበት።

ስንት ሰሃን ይበቃል? በ1925 ማኬብና ቲል የተባሉ አሜሪካውያን ሒሳቡን ወደ ሥዕል ለወጡት። ተማሪው በሁለት መስመሮች መካከል ደረጃ እየሳለ ይቆጥራል። ከላይ ቀዝቅዞ ወደ ማማው የሚመለሰው ፈሳሽ ሲበዛ ደረጃው ያንሳል፣ ነዳጁ ግን ይጨምራል፤ ያው የማገዶው ክርክር።

አልኮልና ውሃ ላይ ሲደርስ ግን እርሳሱ ይቸገራል። በክብደት 95.6 በመቶ አካባቢ እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ደረጃዎቹ እየጠበቡ፣ እየጠበቡ ሄደው የእርሳሱ ጫፍ ራሱ ከደረጃው ይሰፋል።